ከዋን ዳይሬክሽን በኋላ፦ ከአምስቱ የማንን አልበም እንስማ?

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ከጎረቤት ልጅ አሮጌ ጊታር ገዛች። አንዱ ክር ዝጓል። ሆዱ ላይ ስንጥቅ አለው። እሷ ግን ከእጇ አትለየውም። አንድ ቅዳሜ ቡና እየተፈላ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ «አጎቴ፣ እኔ መዝፈን ብቻ ሳይሆን መጻፍም ነው የምፈልገው። ከዋን ዳይሬክሽን ልጆች ከማን ልጀምር? ጥቅሌ ሁሉንም ለመስማት አይበቃም» አለችኝ።

«ሃሪን ስሚ» ብዬ ልገላገል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ሃሪ ከአምስቱ ታዋቂው ነው። ለእሷ የሚሆናት እሱ መሆኑን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ያን ሳምንት ማታ ማታ የአምስቱንም ሥራ እንደ አዲስ ሰማሁ። ይህ መመሪያ ያኔ በደብተር ወረቀት ከጻፍኩላት የተስፋፋ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። አምስቱ ልጆች በ2010 በእንግሊዙ የኤክስ ፋክተር የዘፈን ውድድር ላይ ለየብቻ ነበር የቀረቡት። በግል ማለፍ ሲያቅታቸው ዳኞቹ አንድ ላይ አደረጓቸው፣ ባንዱም ዋን ዳይሬክሽን ተባለ። ሦስተኛ ወጡ። ከዚያ ከ2011 እስከ 2015 በየዓመቱ አንድ አልበም እያወጡ ዓለምን አዳረሱ። ዜይን ማሊክ በመጋቢት 2015 ወጣ። የቀሩት አራቱ በ2016 መጀመሪያ «እረፍት» ብለው ተለያዩ። እረፍቱ አላለቀም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መመዘኛው

ካሴት እየገዛን ያደግን ሰዎች አንድ ጥሩ ልማድ ነበረን። ሽፋኑን ገልብጠን ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ እናነብ ነበር። ዘፋኙ አንድ ሰው ነው፣ ዘፈኑን የሠራው ደግሞ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን ልማድ ለቦይ ባንድ (የወጣት ወንዶች የዘፈን ቡድን) ልጆችም ማዋል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መመዘኛዬ ይኸው ነው፦ ግጥምና ዜማው ላይ ልጁ ራሱ አለበት ወይ? ካለበትስ ከማን ጋር ነው የሚጽፈው?

«ከማን ጋር» የሚለውን ያለ ምክንያት አላልኩም። ከእነሱ በፊት ቴክ ዛት የሚባል የእንግሊዝ ባንድ ነበር። የባንዱን ዘፈኖች በብዛት የሚጽፈው ጋሪ ባርሎው ነው። ሁሉም ሰው ለብቻው ሲወጣ የሚገነው እሱ ነው ብሎ ጠብቆ ነበር። የገነነው ግን በ1995 ከባንዱ የወጣው ሮቢ ዊሊያምስ ነው፣ እሱም ጋይ ቻምበርስ ከሚባል የዜማ ሰው ጋር ተገናኘ። በ2003 ሮቢ በእንግሊዙ ኔብወርዝ ሦስት ሌሊት ሲዘፍን 375,000 ሰው ተገኘ። ትክክለኛው የሥራ ባልደረባ ምን ያህል ነገር እንደሚቀይር ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ሁለተኛው መመዘኛ፦ አልበሙ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል ወይስ አንድ ዘፈን ይዞ የቀረው ይደብራል? በጥቅል ለሚሰማ ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይም ነው።

ሦስተኛው፦ ቅንብሩ ሲወልቅ ዘፈኑ ይቆማል? ከበሮውን፣ ኪቦርዱን፣ አጃቢ ድምፁን ሁሉ አንሱና በአንድ ጊታር ወይም በአንድ ፒያኖ ዝፈኑት። ከቆመ ዘፈን ነው።

አራተኛው መድረክ ነው። ለንደን፣ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያላችሁ ትኬት የመግዛት ዕድል አላችሁና ይጠቅማችኋል።

የተከታይ ብዛትና የዩቲዩብ ቁጥር አልመዘንኩም። ቁጥሩ የሚነግረን ስንት ሰው እንደሰማ ነው። እናንተ ትወዱት እንደሆነ አይነግራችሁም።

ሃሪ ስታይልስ

ሃሪ በ2017 ሲጀምር ያደረገው ነገር ድፍረት ነበር። የ1970ዎቹን ሮክ የሚያስታውስ፣ በፒያኖ የሚጀምር፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚሄድ ዘፈን ይዞ መጣ። «ሳይን ኦፍ ዘ ታይምስ» ይባላል። ሬዲዮ ሦስት ደቂቃ በሚወድበት ዘመን ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ። አብዛኛውን አልበሙን ጃማይካ ሄዶ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተሸሽጎ ነው የሠራው።

ያም ሆኖ የመጀመሪያው አልበም ላይ ሃሪ የሚወዳቸውን ሰዎች ነው የምሰማው። ሃሪን ራሱን ያገኘሁት ሁለተኛው ላይ ነው፣ በ2019 መጨረሻ በወጣው «ፋይን ላይን»። 12 ዘፈን ነው። የአልበሙ ስም የሆነው የመጨረሻው ዘፈን በጣም በቀስታ ይጀምራል፣ አንድ ሐረግ እየደጋገመ ያድጋል፣ መጨረሻ ላይ የትንፋሽ መሣሪያዎች ገብተው ቤቱን ይሞሉታል። ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ መብራት አጥፍታችሁ ስሙት።

ከዚያ በ2022 «ሃሪስ ሃውስ» መጣ። «አዝ ኢት ዋዝ» የሚለውን ዘፈን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በእንግሊዝ 10 ሳምንት፣ በአሜሪካ 15 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ግን መጀመሪያውን ልብ ብላችኋል? ዘፈኑ የሚከፈተው በሕፃን ልጅ ድምፅ ነው። የክርስትና ልጁ ናት። ደህና እደር ልትለው ፈልጋ ትጠራዋለች። ከዚያ በጣም ፈጣን ምት ይጀምርና ስለ ብቸኝነት ይዘፍናል። እግር የሚያስጨፍር ዜማ፣ ውስጡ ግን ኀዘን። አልበሙ በ2023 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ።

ለጽሑፍ ተማሪ ግን ከዚያው አልበም «ማቲልዳ»ን ነው የማዘው። በቤተሰቧ ችላ ለተባለች ጓደኛ የተጻፈ ነው። ትተሻቸው ብታድጊ ጥፋት የለብሽም ይላታል፣ ምንም ሳይጮህ። ጊታርና ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቆማል።

ሃሪ ብቻውን አይጽፍም። ኪድ ሃርፑንና ታይለር ጆንሰን ከሚባሉ ሁለት ሰዎች ጋር ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ አብሮ ሠርቷል። እንደ እኔ ትልቁ ብልሃቱ ይህ ነው። ሰው አልቀያየረም። ሦስት ሰው ለዓመታት አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ አንዱ የሌላውን ነገር ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ድክመቱ ግጥሙ አንዳንዴ መጋረዱ ነው። ቆንጆ ቃላት ይደረድርና ምን እንደደረሰበት ሳይነግረን ያልፋል። መድረኩ ግን የሚያከራክር አይደለም። በ2022 በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ 15 ሌሊት ዘፍኗል። ችግሩ ትኬቱ ነው። ይወደዳል፣ ቶሎም ያልቃል።

ናያል ሆራን

ከአየርላንዷ ሙሊንጋር የመጣው ናያል የባንዱ ባለ ጊታር ነበር። ብቻውን ሲወጣም ጊታሩን ይዞ ወጣ። በ2016 ያወጣው «ዚስ ታውን» በጣት የሚመታ ጊታርና ድምፅ ነው ማለት ይቻላል። ሦስተኛውን መመዘኛ ገና ሳትፈትኑት ያልፋል።

ናያል አያስደነግጥም። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ጉድለት ነው፣ እኔ ግን አክብሬዋለሁ። የሚችለውን ያውቃል። በባንዱ ጊዜ አብረውት የጻፉትን ጁልያን ቡኔታንና ጆን ራያንን አልተወም። የ2017ቱ «ፍሊከር» በአሜሪካ አንደኛ ሆኖ ጀመረ። በኋላም ከአየርላንድ ኦርኬስትራ ጋር በቀጥታ የተቀረጸ ቅጂ ወጥቶለታል፣ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ ዜማዎቹ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበሩ ይታያል።

ሁለተኛው አልበም «ሃርትብሬክ ዌዘር» ዕድሉ አልቀናም። የወጣው በመጋቢት 2020 ነው። ኮሮና ገባ፣ ጉዞው ተሰረዘ። አልበሙ ግን የተሻለ ሥራው ነው። አንድ ፍቅር ሲጀምር፣ ሲበላሽና ሲያልቅ ከተለያየ ወገን ያየዋል፣ የራሱን ጥፋት ጭምር። ሁልጊዜ ተበዳይ ሆኖ ከሚዘፍን ሰው ይልቅ «እኔም በድያለሁ» የሚል ሰው ብዙ ይጽፋል።

ሦስተኛው «ዘ ሾው» በ2023 ወጣ። 10 ዘፈን፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ጥቅል ለቆጠበ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም።

ሉዊ ቶምሊንሰን

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ሉዊን ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል።

ባንዱ ውስጥ እያለ ድምፁ ከሁሉም ያነሰ ነው ይባል ነበር። ብቻውን የሚዘፍንበት መስመር ጥቂት ነበር። ነገር ግን ሽፋኑን ገልብጣችሁ ብታነቡ ከአምስቱ በብዛት በጸሐፊነት የተመዘገበው እሱ ነው። የቦይ ባንድ ነገር እንዲህ ነው። ካሜራው አንዱን ሲያይ ደብተሩን የያዘው ሌላው ነው።

ሲጀምር መንገዱ ጠፋበት። በታኅሣሥ 2016 ከዲጄ ስቲቭ አዮኪ ጋር «ጀስት ሆልድ ኦን»ን አወጣ፣ የዳንስ ሙዚቃ ነው። እናቱ በዚያው ሳምንት በካንሰር አረፈች። በቀናት ውስጥ ባንዱ በተፈጠረበት በዚያው የኤክስ ፋክተር መድረክ ላይ ቆሞ ዘፈነው። ገና 24 ዓመቱ ነበር። ቪዲዮውን ያየ ሰው አይረሳውም። ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ እየጣለ፣ ግን ሳያቋርጥ።

ስለ እናቱ የጻፈው ዘፈን የወጣው በ2019 ነው። «ቱ ኦፍ አስ» ይባላል። እኛ ለቅሶን እናውቃለን። ሙሾ እናውቃለን። አስለቃሿ የሟችን ስም እያነሳች ሰው ሁሉ ሲነፋረቅ ሰምተን ነው ያደግነው። ይህ ዘፈን ግን አያለቅስም። ለሁለት እኖራለሁ፣ የአንቺንም ድርሻ እኔ እኖራለሁ ነው የሚለው። ለእናት የተገባ ቃል ነው። ቋንቋው ተራ ነው፣ የጓዳ ወሬ ይመስላል። ጥንካሬውም ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው አልበሙ «ዎልስ» በጥር 2020 ወጣ። ገና የሚፈልገውን እየፈለገ ነው። አንዱ ዘፈን ፖፕ፣ ሌላው ሮክ። የአልበሙ ስም የሆነው ዘፈን ዜማው የኦኤሲስ ባንድን ስለሚመስል የኦኤሲስ ዘፈን ጸሐፊ ኖኤል ጋላገር ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ ከኤክስ ፋክተር ዳኛው ከሳይመን ካውል የሙዚቃ ኩባንያ ወጣ። በ2022 «ፌይዝ ኢን ዘ ፊውቸር» ሲመጣ ሰውዬው ሌላ ነበር። የሰሜን እንግሊዝ ልጅ፣ የዶንካስተር ልጅ፣ ጊታር ከፍ አድርጎ፣ መድረክ ላይ ሕዝብ አብሮት እንዲዘፍነው አድርጎ የጻፈው አልበም ነው። በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ።

የእሱ አድማጭ የተለየ ነው። በታኅሣሥ 2020 ዓለም ተዘግታ ሳለ በኢንተርኔት ባደረገው ኮንሰርት ከ160,000 በላይ ትኬት ተሸጠ። ገቢው ሥራ ላጡ የመድረክ ሠራተኞችና ለበጎ አድራጎት ተከፋፈለ።

ድምፁ ከዜይን ጋር አይወዳደርም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ትዕግሥትም ይጠይቃል፣ መጀመሪያ ስትሰሙት አይዝም ይሆናል። ሦስት ጊዜ ስሙት።

ዜይን ማሊክ

ድምፅ ብቻ ከተባለ ውድድሩ እዚህ ያበቃል። ዜይን ድምፁን ሲያንቆረቁር የእኛም ጆሮ ቶሎ ይለየዋል፣ በቅላጼ ያደገ ጆሮ ስለሆነ። ዜይን ከብራድፎርድ ነው፣ የአባቱ ቤተሰብ ከፓኪስታን የመጣ። የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ በኡርዱ የዘፈነው «ፍላወር» አለ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ለእኔ ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ ነገር ያ ነው።

ሁለተኛውን አልበም ስሙ ስል ቆይቻለሁ፣ ዜይን ላይ ግን አይሠራም። «ማይንድ ኦፍ ማይን» ከባንዱ በወጣ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 25 ቀን 2016 ወጣ። «ፒሎውቶክ» በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ሆኖ ጀመረ። አልበሙም እንደዚያው። ያፈነው ነገር ሁሉ አንድ ላይ የፈነዳ ይመስላል። ሁለተኛው «ኢካረስ ፎልስ» ደግሞ 27 ዘፈን ነው። መልካም ዘፈኖች ውስጡ ተቀብረዋል። አንድ ሰው «ግማሹን አውጣው» ሊለው ይገባ ነበር።

በ2024 «ሩም አንደር ዘ ስቴርስ»ን ከናሽቪሉ ፕሮዲዩሰር ዴቭ ኮብ ጋር ሠራ። የሚያብረቀርቀው ቅንብር ጠፍቶ ጊታርና የሻከረ ድምፅ መጣ። የቀድሞውን አርአንድቢ የወደደ ሰው ሊደነግጥ ይችላል። ጽሑፉ ግን እዚህ የበሰለ ነው።

መድረክ ለዜይን ከባድ ነው። በ2016 በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ሊዘፍን ተዘጋጅቶ በጭንቀት ሕመም ምክንያት ቀረ፣ ምክንያቱንም ራሱ በይፋ ተናገረ። ብቻውን የመጀመሪያውን የኮንሰርት ጉዞ ያደረገው በ2024 መጨረሻ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ፈርቶ ተመልሶ መውጣቱን ከልቤ አደንቃለሁ። ለእሱ ትኬት የምትገዙ ግን ይህን አውቃችሁ ግዙ።

ሊያም ፔይን

ሊያም ጥቅምት 16 ቀን 2024 በቦነስ አይረስ በ31 ዓመቱ አረፈ። ነፍሱን ይማርልን። እሱን ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ትክክል አይመስለኝም። ለብቻው የተወው አልበም አንድ ነው፣ በ2019 የወጣው «ኤልፒ ዋን»። ትልቁ ዘፈኑ «ስትሪፕ ዛት ዳውን» ከኤድ ሺራን ጋር የተጻፈ ነው። ሊያምን በእውነት ማወቅ የሚፈልግ የባንዱን ሦስተኛና አራተኛ አልበሞች ከፍቶ የጸሐፊዎቹን ስም ያንብብ። ከሉዊ ጋር ጎን ለጎን ደጋግሞ ያገኘዋል።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| ዘፋኝ | ጥንካሬ | ድክመት | መነሻ አልበም | መድረክ |
|---|---|---|---|---|
| ሃሪ | ሙሉ አልበም መሥራት፣ የማይለወጡ ባልደረቦች | ግጥሙ አንዳንዴ ይጋረዳል | ፋይን ላይን (2019) | እጅግ ጠንካራ፣ ትኬቱ ውድ |
| ናያል | ጊታር፣ ንጹሕ ዜማ | አያስደንቅም | ሃርትብሬክ ዌዘር (2020) | ሞቅ ያለ፣ ቅርብ |
| ሉዊ | እውነተኛ ግጥም፣ ታማኝ አድማጭ | ድምፁ ውስን ነው | ፌይዝ ኢን ዘ ፊውቸር (2022) | ሕዝቡ አብሮ ይዘፍናል |
| ዜይን | ድምፅ፣ ቅላጼ | ሁለተኛ አልበሙ ይረዝማል | ማይንድ ኦፍ ማይን (2016) | በጥቂቱ |
| ሊያም | ከባንዱ ዋና ጸሐፊዎች አንዱ መሆኑ | ብቸኛ አልበሙ የተበታተነ | የባንዱ ሦስተኛና አራተኛ አልበም | – |

እንግዲህ ለማን ምን?

ጊታር እየተማራችሁ ከሆነ ናያል ጋ ሂዱ። ኮርዶቹ ለጀማሪ እጅ የሚመቹ ናቸው፣ ዜማውም ስትሳሳቱ ወዲያው ይነግራችኋል። እሱን ስትጨርሱ ወደ «ማቲልዳ» እለፉ።

መጻፍ ከሆነ ፍላጎታችሁ ሃሪንና ሉዊን ጎን ለጎን ስሙ። አንድ ቀን «ፋይን ላይን»፣ በማግሥቱ «ቱ ኦፍ አስ»። አንዱ ስሜቱን በምስልና በድምፅ ይሸፍነዋል፣ ሌላው አፍ አውጥቶ ይናገረዋል። ሁለቱን ካያችሁ በኋላ የራሳችሁ ዝንባሌ የቱ ጋ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጥቅላችሁ ለአንድ አልበም ብቻ የሚበቃ ከሆነ «ዘ ሾው»ን ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ያዙ። ያጥራል፣ የሚዘለል ዘፈንም የለውም። ትንሽ ከተረፋችሁ ከዜይን «ፒሎውቶክ»ንና «ፍላወር»ን ብቻ ጨምሩ።

ውጭ ያላችሁና ለአንድ ኮንሰርት ገንዘብ ያጠራቀማችሁ፦ በሕይወታችሁ አንድ ትልቅ ነገር ማየት ከፈለጋችሁ ሃሪ ነው፣ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። በአነስተኛ ዋጋ ከሕዝብ ጋር መጮህ ከፈለጋችሁ ግን ሉዊን ምረጡ። እኔ ገንዘቡ ቢኖረኝ ሉዊን ነው የምመርጠው።

ልጅ ለያዛችሁ ወላጆች አንድ ማሳሰቢያ። የዜይን የመጀመሪያ አልበም ግጥሙ ለአዋቂ ነው። ናያልና ሉዊ ቤት ውስጥ ጮክ ተደርገው ቢከፈቱ ብዙም አያሳቅቁም።

የእህቴ ልጅ በናያል ጀመረች። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሳታማክረኝ ወደ ሉዊ ዞረች። ባለፈው እሑድ ደወለችና ስልኩን አልጋ ላይ አስቀምጣ «ቱ ኦፍ አስ»ን ተጫወተችልኝ። የዛገው ክር አሁንም ያንጫጫል። ከዘፈኑ መሐል አቁማ፣ «አጎቴ፣ እዚህ ጋ ለአያቴ የራሴን ስንኝ ጽፌ ነበር፣ ግን አንዱ ቃል ከዜማው ይተርፋል» አለችኝ። አብረን እየቀነስን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን።